ስፕሪስ፦ ጠጅ ለማይጠጣ እንግዳ

የሀገራችን የመጠጥ ወግ ሲወጋ ጠጅ ይቀድማል፤ ጠላ ይከተላል፤ አረቄም ድርሻዋን አታጣም። በእገሌ ግብር ስንት ገንቦ ጠጅ እንደ ተቀዳ፣ የእነ እገሌ ቤት ጠጅ ጣይ ምን ያህል እጀ ሙያ እንደ ነበረች የሚያጫውተን ሰው ሞልቷል። የማይጠጣውን ሰው ግን ማን ያነሣዋል? በዳስ ጥግ ተቀምጦ ብርጭቆው ባዶ የሆነው፣ ቀጂው አጠገቡ ሲደርስ መዳፉን በብርጭቆው አፍ ላይ የሚያደርገው ሰው ታሪክ የለውምን?

ያ ሰው ሁልጊዜ ነበረ። አንዱን ሃይማኖቱ ይከለክለዋል፤ ሌላውን ሕመሙ፤ ሦስተኛው ልጅ ነው፤ አራተኛዋ ደግሞ ጠጥታ ብትታይ ስሟ በሰፈር የሚነሣ ወጣት ሴት ናት። በኛ ባህል ደግሞ «አልጠጣም» የሚል እንግዳ አስጨናቂ እንግዳ ነው። ባለቤቱ «ታዲያ ምን ላቅርብልህ?» እያለ ይጨነቃል፤ እንግዳው «ውሃ ይበቃኛል» እያለ ይበልጥ ያሳቅቀዋል። ውሃ አቅርቦ እንግዳ ሸኘ መባል ለአባወራ ነውር ነውና።

ሕዝባችን ለዚህ ጭንቀት መላ ሲፈልግ ኖሯል። ማር በውሃ ተበርዞ፣ ጌሾ ሳይገባበትና ሳይፈላ የሚቀርበው ብርዝ አንዱ መላ ነበር። ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መመረት ሲጀምር ደግሞ «ለስላሳ» የሚሉት አዲስ ዘር ተጨመረ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ መጥቶ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ ክብር ለማይጠጣው እንግዳ የሰጠው ግን ስፕሪስ ነው፤ በረጅም ብርጭቆ ውስጥ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ዘይቱኑና ፓፓያው ሳይቀላቀሉ እንደ ተደረደሩ በማንኪያ የሚበላው፣ በሎሚ የሚታጀበው የፍራፍሬ ጭማቂ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ እርሱ ነው። ወጉንም አርባ ምንጭ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ፍሬውም የማይጠጣውም ሰው በብዛት የሚገናኙት እዚያ ነውና።

ስሙ ከየት መጣ?

ከስሙ እንጀምር። በቬኔቶ፣ ማለትም በቬኒስ ከተማ ዙሪያ ባለው የሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን አውራጃ፣ ወይን ጠጅ በውሃ ተበርዞ የሚጠጣበት የቆየ ልማድ አለ። መጠጡን ስፕሪትስ ይሉታል፤ በአካባቢው ቀበልኛ ደግሞ ስፕሪስ። ቃሉ ከጀርመንኛ የተወሰደ ሲሆን መርጨት ማለት ነው። ቬኔቶ እስከ 1866 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች፣ የጣሊያኑ ወይን ጠጅ የከበደባቸው የኦስትሪያ ወታደሮች «ትንሽ ውሃ ርጩበት» ሲሉ የፈጠሩት መጠጥ ነው ይባላል።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን ወርረው አምስት ዓመት ሲቀመጡ ትተውልን የሄዱት ቃል ብዙ ነው። መካኒኩ ካቻቢቴ ይላል፤ ዳቦ ጋጋሪው ፎርኖ ይላል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሁላችንም ማኪያቶ እንላለን። ስፕሪስም ከእነዚሁ ጋር የመጣ ለመሆኑ ድምፁም ትርጉሙም ይመሰክራሉ ብዬ አምናለሁ። ካፌ ገብቶ «ስፕሪስ» ያለ ሰው ጭማቂ ብቻ አይደለም የሚቀርብለት፤ ቡናና ሻይ በአንድ ብርጭቆ ሆነውም ስፕሪስ ይባላሉ። ስኳር የገባበት ሻይ ስለሚከብድ ከታች ይቀራል፤ ቡናው በላዩ ይንሳፈፋል። ሁለት መጠጥ በአንድ ብርጭቆ ማለት ነው፤ ቃሉ ከተወለደበት ከወይን ጠጅና ከውሃ ብዙም አልራቀም።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የኛ ብርዝ «በረዘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በውሃ አቀጠነ ለማለት። የጣሊያኑም ስፕሪስ ወይን ጠጅን በውሃ መበረዝ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ቃላት፣ አንዱ ከማር ሌላው ከወይን ተነሥተው፣ በትርጉም ወንድማማች ናቸው። የማይጠጣውን እንግዳ ድሮ በብርዝ አስተናገድነው፤ ዛሬ በስፕሪስ እናስተናግደዋለን። ስሙን ከባዕድ ተዋስን እንጂ ጉዳዩ የቆየ የቤታችን ጉዳይ ነው።

እንግዶች በአንድ ብርጭቆ

አሁን ደግሞ ብርጭቆውን ከታች ወደ ላይ እንመልከተው።

ከታች የተኛው አቮካዶ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። ስሙም ቢሆን በስፓኞች አፍ ተጣሞ የወጣ የአዝቴኮች ቃል ነው። ወደ ሀገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938፣ በሂርናና በወንዶ ገነት በነበሩ የግል አትክልተኞች አማካይነት እንደ ሆነ የግብርና ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። እንግዲህ ግምቴ ትክክል ከሆነ ስሙና ዋናው ፍሬ በአንድ ዘመን ሀገራችንን ረግጠዋል ማለት ነው፤ በአንድ ብርጭቆ እስኪገናኙ ግን ብዙ ዓመት ወስዶባቸዋል።

ማንጎ የሕንድ አካባቢ ፍሬ ነው፤ ስሙን ደግሞ ፖርቱጋሎች ከደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች ወስደው ለዓለም አዳረሱት። ፓፓያ አሜሪካዊ ነው። ዘይቱንም እንዲሁ። የዘይቱን ስም ግን ያስቃል፤ ዐረቡ ዘይቱን ሲል የሚናገረው ስለ ወይራ ፍሬ ነው፤ የኛ ሰው ቃሉን ወስዶ ከወይራ ጋር ምንም ዝምድና ለሌለው ለዚህ ሽታው ቤት ለሚሞላ ፍሬ ሰጠው። በጉባዔው ውስጥ እንደ ባለ አገር የሚቆጠር ሎሚ ብቻ ነው። እርሱም ከእስያ የመጣ ቢሆንም ከቆየ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ መጽሐፉ የሎሚ፣ የብርቱካንና የትርንጎ ዛፎችን በሀገራችን እንዳየ ጽፏል።

ስለዚህ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከመድረሱ በፊት ይህን ብርጭቆ በዓለም ላይ ማንም፣ የትም ሊሞላው አይችልም ነበር። ፍራፍሬው ተሰብስቦ ደግሞ መፍጫው ያስፈልጋል። ከታች የሚሽከረከር ስለት ያለውን መፍጫ፣ ዛሬ ብሌንደር የምንለውን፣ ስቲፈን ፖፕላውስኪ የተባለ በፖላንድ የተወለደ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ፈለሰፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ፍሬድ ዌሪንግ የተባለ የሙዚቃ ጓድ መሪ አስፋፍቶ ለገበያ አቀረበው። በላዩ የሚንጠባጠበው ቀይ ቪምቶ እንኳ ትውልዱ ማንቸስተር ነው፤ ጆን ኖኤል ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1908 ቀመመው፤ ከዚያ ወደ ዐረብ ሀገሮች ተሻግሮ የረመዳን ማፍጠሪያ መጠጥ ሆነ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት «የኛ አይደለም» ለማለት አይደለም። በርበሬም ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ያለ በርበሬ ግን ወጥ ሠርታችሁ ኢትዮጵያዊ በሉኝ ብትሉ ማን ይሰማችኋል? የአንድ ሕዝብ ሙያ የሚታወቀው ዕቃው ከየት እንደ መጣ ሳይሆን ዕቃውን ምን እንዳደረገበት ነው። ፍራፍሬን መጭመቅ የዓለም ሁሉ ሙያ ነው። ውሃ ነፍጎ፣ አወፍሮ፣ በማንኪያ የሚበላ ምግብ አድርጎ ለእንግዳ ማቅረብ ግን የጁስ ቤቶቻችን ሙያ ነው።

የአርባ ምንጭ ጠረጴዛ

የጋሞ ደጋ ሰው ወፍራም መጠጥ አዲሱ አይደለም። በጨንቻና በዶርዜ መንደሮች፣ እንሰት ጓሮውን በሞላበት ሀገር፣ ቦርዴ የሚባለው ከእህል የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ ጥምን ብቻ ሳይሆን ረኀብንም የሚያስታግስ ነው። እርሻ የዋለ ሰው ቦርዴውን ጠጥቶ «በላሁ» ይላል። ከቆላው የመጣው ስፕሪስ በጋሞ ሰው ዘንድ እንግዳ ያልሆነው አንድም በዚህ ይመስለኛል፤ ቦርዴ የለመደ ሰው በማንኪያ የሚበላ መጠጥ አያስደነግጠውም።

ቆላው ግን ለረጅም ዘመን የሚፈራ ሀገር ነበር። አባያና ጫሞ ሐይቆች ከላይ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ከታች ያለው ወባ ግን ሰው ይጨርሳል። የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ከብርዱ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር፣ ከጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ የሚጠጣ ውሃዋንም ከዚያው ትቀዳለች። ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ሆና ተቆረቆረች። በላንቴ፣ በጫኖ፣ በሼሌና በስሌ ያለው ገበሬ የኩልፎን፣ የሐሬንና የስሌን ወንዞች እየጠለፈ በቆሎና ጥጥ ይዘራበት የነበረውን ማሳ ቀስ በቀስ ወደ ሙዝና ማንጎ አዞረው። የመስኖው ፍሬ ዛሬ የከተማው ስም ሆኗል፤ አዲስ አበባ ላይ ሙዝ ሻጩ «የአርባ ምንጭ ነው» ሲል ማሞገሱ ነው።

ከዚያ ተማሪው መጣ። የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በ1979 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአራቱም ማዕዘን የመጣ፣ ኪሱ ሳሳ ያለ፣ ከትምህርት በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ የሚሻ ወጣት ከተማይቱን ሞላት። የት ይቀመጥ? ቡና ቤት በስሙ የቡና ቢሆንም በተግባሩ የቢራ ነው። ወጣቷ ተማሪ እዚያ ብትገባ የሚያያት ሰው ይበዛል። ጁስ ቤት ግን ማንም ቢገባ ማንም አይጠይቀውም። በጠራራ ፀሐይ፣ በረንዳ ላይ፣ ወንድና ሴት ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ብርጭቆ ሊያወጉ ይችላሉ። ስፕሪስ ቶሎ አያልቅም፤ ይህም አንዱ ጥቅሙ ነው።

ሃይማኖቱም አለ። በጋሞ ብዙው ሰው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ነው፤ አልኮል አይቀምስም። ኦርቶዶክሱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን አጽዋማት በሙሉ የሚጠብቅ ከሆነ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ሥጋና ወተት አይነካም፤ ቅባት ያለው ነገር ሲያምረው አቮካዶ የጾም ቅቤ ሆኖለታል። ሙስሊሙም አልኮል የለበትም ብሎ ያለ ሥጋት ይጠጣል።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር ተከታትለው ገቡ። በዚያ ሰሞን ሲቀላ ውስጥ ከአንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነገር ከብዙ ስብከት ይልቅ አስተምሮኛል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሦስት ወጣቶች አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ከንግግራቸው እንደ ተረዳሁት አንዱ ሊያፈጥር ነው፤ አንዱ ሑዳዴ ይዟል፤ ሦስተኛው መዝሙር ጥናት ሊሄድ መንገድ ላይ ነው። ብርጭቆዎቹ ቀርበው ሁለቱ ማንኪያቸውን ሳያነሡ አዛን እስኪሰማ ጠበቁ። ማንም «ጠብቁ» አላላቸውም። በሌላ ጠረጴዛ፣ በሌላ ማዕድ፣ ሦስቱ ሲገናኙ አንዱ ያንዱን ባረከው ሥጋ፣ ሌላው የሌላውን ፍስክ፣ ሦስተኛው የሁለቱን ቢራ ሊሸሽ ይችላል። እዚህ ግን የሚሸሽ የለም። ብርዝና ቀሪቦ ለማይጠጣው ሰው የተለየ ብርጭቆ ሰጡት፤ ስፕሪስ ግን የጋራ ብርጭቆ ሰጠው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ።

በቤት ሲሠራ

ስፕሪስ የጁስ ቤት ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በቤት ለመሥራት አስቸጋሪ አይደለምና። ለሁለት ብርጭቆ የሚበቃው አንድ ትልቅ የበሰለ አቮካዶ፣ አንድ ማንጎ፣ የትንሽ ፓፓያ እኩሌታ፣ አራት ዘይቱንና ሁለት ሎሚ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ መፍጨት የለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይፈጫል፤ መፍጫውም በየመሐሉ ይታጠባል። አቮካዶው እንዲዞር ያህል ግማሽ ሲኒ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይበቃዋል፤ ትንሽ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፤ ሎሚው ጣዕም ከመስጠቱም በላይ አቮካዶው አየር ነክቶት እንዳይጠቁር ያዘገየዋል። ለማንጎውና ለፓፓያው ውሃ ከነጭራሹ ባይገባ ይመረጣል። ዘይቱኑ ፍሬው ጥርስ ስለሚሰብር ከተፈጨ በኋላ በወንፊት ይጠለላል። መፍጫ የሌለው ቤትም አይቅርበት፤ የበሰለ አቮካዶና ፓፓያ በሹካ ይደቃሉ፤ ማንጎው በእጅ ታሽቶ ይጨመቃል፤ ሁሉም በወንፊት ያልፋሉ።

ምሥጢሩ አደራደሩ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያለያያቸው ክብደት ይመስለዋል፤ በሻይና ቡናው ስፕሪስ እውነት ነው፤ በፍራፍሬው ግን ይበልጥ የሚያለያያቸው ውፍረት ነው። ወፍራም ነገር በወፍራም ነገር ውስጥ ቶሎ አይሰርግም። ውሃ የበዛበት ጭማቂ ግን ወዲያው ተደበላልቆ ቀለሙ እንደ ደፈረሰ ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉም የወፈረው አቮካዶ ከታች ይግባ። ቀጥሎ ማንጎው፣ ብርጭቆው ዘንበል ብሎ፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እየተባለ ይፍሰስ። ማንጎና ፓፓያ ቀለማቸው ስለሚመሳሰል በመካከላቸው ነጣ ያለው ዘይቱን ቢገባ ያምራል። ፓፓያው ከላይ ይሆናል። የተቆረጠ ሎሚ ከጎን ይቅረብ፤ ጠጪው ራሱ ይጭመቀው። ስኳር ለሚፈልግ ለብቻው ይምጣ፤ የበሰለ ፍሬ የራሱ ስኳር አለውና።

ቪምቶስ? በዚያው በረንዳ ላይ አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ቪምቶ ይደረግበት?» ብላኝ ነበር። «ይቅርብኝ ልጄ፣ ፍሬው ራሱ ይበቃኛል» አልኋት። «ካልቀላ እኮ ብዙ ሰው ስፕሪስ አይመስለውም» ብላ ሳቀች። ንግግሯ ግን ከሳቅ ያለፈ ነገር ነበረበት።

ምን እንዳይጠፋ?

ከላይ የሚንጠባጠበው ቀለም ዋናውን ፍሬ መተካት ከጀመረ ስፕሪስ ተመልሶ ለስላሳ መሆኑ ነው። የፍሬው ዋጋ ሲወጣ በአንዳንድ ስፍራ ውሃውም ስኳሩም ይበረክታል፤ ድርድሩ ይቀራል፤ ለዓይን ቀይ ጠብታ ይጨመርበታል። ለዋጋው መውጣት ደግሞ ምክንያት አለ። የላንቴና የጫኖ ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ ተቆርጦ፣ በጭነት መኪና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አዲስ አበባ በዝግ ቤት ውስጥ ይበስላል። አቮካዶውም በይርጋለም ዘይት እየተጨመቀለት ወደ ውጭ ይሄዳል። ይህን አልነቅፍም፤ ገበሬው ፍሬውን በሚሻለው ዋጋ ቢሸጥ መብቱ ነው፤ ሲጠቀምም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፍሬው ሁሉ መንገደኛ ሲሆን በተወለደበት ሀገር ያለው ብርጭቆ እንዳይጎድል የሚያስብለት ያስፈልጋል።

የሚያስብለት ማነው? በእኔ እምነት ቤቱ ነው። የጋሞ ዞን ለብቻው ዞን የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው፤ አስተዳደር ይለወጣል፤ የጓሮ ማንጎ ግን ከነዛፉ አለ። በደጋው የጨንቻ አፕል፣ በወይና ደጋው አቮካዶ፣ በቆላው ማንጎና ፓፓያ እየበቀለ፣ በሰርግና በማኅበር ለማይጠጡት እንግዶች የፋብሪካ ጠርሙስ ብቻ መደርደር ለምን? የድሮ እመቤት ጠጁን ለብቻ፣ ብርዙን ለብቻ ጥላ «ይህ የአንተ ነው» እያለች ስታቀርብ፣ ለማይጠጣው እንግዳ የደከመችበትን ነገር ማቅረቧ ነበር። እንግዳ የሚከበረው በዋጋው ሳይሆን በተደከመለት ልክ ነው። ጠርሙስ መክፈት ድካም የለውም። አራት ፍሬ ለየብቻ ልጦ፣ ለየብቻ ፈጭቶ፣ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብሎ መደርደር ግን ድካም አለው፤ ድካሙም ብርጭቆው ላይ በግልጽ ይታያል።

የዳስ ጥግ ላይ ተቀምጦ መዳፉን በብርጭቆው አፍ ላይ ለሚያደርገው ሰው የሚገባው ይህ ይመስለኛል። እርሱም እጁን ያነሣል፤ ባለቤቱም ከጭንቀት ያርፋል። ቸር ይግጠመን።